የሙግት ሥነ ቃልና የተዘነጋው አድማጭ

ስለ ጥንቱ የሙግት ሥነ ቃል በተወሳ ቁጥር ቀድሞ የሚመሰገነው የተሟጋቹ አንደበት ነው። ነጠላውን አደግድጎ «በላ ልበልሃ» እያለ ባላጋራውን በግጥም የሚያስጨንቀው ሰው በመድረክም በመጻሕፍትም ይታወቃል። ዙሪያውን የቆመው አድማጭ ግን እንደ ማጀቢያ ብቻ ይታያል። ይህ አመለካከት ጎደሎ ነው፤ የተሟጋቹን ጥበብ የሞረደው ይመዝነው የነበረው ጆሮ ነውና።

የዘመሮን ዙሪያ ጨምሮ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ደጋ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። መሬት በርስት ይያዝ በነበረበት ዘመን ባለርስትነት የሚረጋገጠው የትውልድ ሐረግን እስከ አቅኚው አባት በመቁጠር ነበር። የአንድ አባት ዘር ሁሉ ይገባኛል ባይ ስለሚሆን ሙግት የኑሮ ክፍል ሆነ። ሁለቱ ወገኖች ዋስ ጠርተው፣ ውርርድ ገጥመው ሲቆሙ፣ ሐረጉን የሚቆጥርና ድንበሩን የሚለይ ሽማግሌ በአጠገባቸው ይገኝ ነበር። ተሟጋቹ በቅኔ ቢራቀቅም አንድ አያት የዘለለ እንደሆነ ጎረቤቱ ያውቅበታል።

የፍርዱ አሰጣጥ ራሱ ድራማ ነበር። በታላላቅ ችሎቶች፣ በዙፋን ችሎትም ጭምር፣ አስተያየት ከታናሹ ተጀምሮ ወደ ታላቁ ይወጣ ነበር፤ የበላዩ ቀድሞ ከተናገረ የበታቹ ሐሳቡን ይደብቃልና። ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደሆነ ደግሞ የአገሩ ሰው ለአፈርሳታ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል።

በአሜሪካ ከሕዝብ መካከል በዕጣ ተጠርተው፣ በሁለቱ ወገን ጠበቆች ተመርምረው የሚቀመጡ ፈራጆች አሉ፤ በዘልማድ ቁጥራቸው 12 ነው። እዚያ የሚፈለገው ስለ ጉዳዩ አስቀድሞ አቋም ያልያዘ ሰው ሲሆን፣ በደጋው ችሎት የሚፈለገው ነገሩን ከሥሩ የሚያውቅ ነበር። የሲድኒ ሉሜት «አሥራ ሁለቱ ቁጡ ሰዎች» የተባለው የ1957 እ.ኤ.አ. ፊልም ከሞላ ጎደል በእነዚሁ ፈራጆች ክፍል ውስጥ ተወስኖ፣ የአንድ ሰው ጥርጣሬ የአሥራ አንዱን እርግጠኝነት እንዴት እንደሚሸረሽር አሳይቷል። የእኛ ተውኔት ከዚህ ሊማር የሚገባው የሚመዝኑትን ሰዎች ዋና ገጸ ባሕርያት ማድረግን ነው።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ማወደስ ብቻውን ሂስ አይሆንም። በፊውዳሉ ሥርዓት ያ ጆሮ ለሁሉም እኩል አልተከፈተም። ለባላባቱ ቃል የሚሰጠው ክብር ለቀጥቃጩና ለሸማኔው አይሰጥም ነበር። ነገር የሚያሳምር ሐሰተኛ አንደበቱ የተሳሰረውን እውነተኛ ሊረታው ይችላል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ፍርዱን ለዳኞች ሰጠ። በ1967 ዓ.ም. ርስትን የሻረው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ የገበሬ ማኅበራት የፍርድ ሸንጎ እንዲያቋቁሙ ሲደነግግ፣ ገበሬው በጎረቤቱ ጉዳይ ፈራጅ ሆነ። ጎረቤት እውነቱን ያውቃል፤ ቂሙንም ያውቃል። ከያኒው ሊመረምረው የሚገባው ይህን ግጭት ነው።

ስለዚህ ሙግትን ለመድረክ የሚያበቃ ደራሲ የተሟጋቹን ግጥም አስጠንቶ ብቻ ሊረካ አይገባውም። ዙሪያውን የቆመው ሰው ሲያመነታ፣ ታናሹ በታላቁ ፊት ሐሳቡን ለመናገር ሲደፍር ወይም ሲፈራ ማሳየት ይኖርበታል። ተመልካቹም የራሱን የፈራጅነት ኃላፊነት የሚያየው በዚህ ጊዜ ነው።