ጭስ ካላየ የማይመጣ ጋዜጠኛ

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ በድሃ ሰፈርና በጋዜጠኛ መካከል ስላለው ግንኙነት የተተረተ ይመስላል።

ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 2017) ሌሊት፣ በለንደን ኬንሲንግተን የሚገኘው ባለ 24 ፎቅ የግሬንፌል ሕንፃ ተቃጥሎ 72 ሰዎች ሞቱ። ወሩ ረመዳን ነበር፤ ለሱሁር ነቅተው የቆዩ ሙስሊሞች በር እያንኳኩ ጎረቤቶቻቸውን ቀሰቀሱ። ከሟቾቹ መካከል ኢትዮጵያውያንም ነበሩ። ሲነጋ ሰፈሩ በካሜራ ተሞላ። ነዋሪዎቹ ግን ጋዜጠኞቹን «እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?» እያሉ ጮኹባቸው።

ጥያቄው ተገቢ ነው። የነዋሪዎቹ ቡድን ከቃጠሎው ሰባት ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ ብዙ ሰው የሚፈጅ አደጋ ካልደረሰ በቀር የአስተዳዳሪዎቹ ቸልተኝነት እንደማይጋለጥ ጽፎ አሰራጭቶ ነበር። ማን አነበበው? የአካባቢው ሳምንታዊ ጋዜጣ በ2006 ዓ.ም. መታተሙን አቁሟል።

ዝነኛው የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ጆን ስኖው ነሐሴ 2009 በኤድንብራ ባደረገው ንግግር፣ የሙያ ባልደረቦቹ ከባለጸጎቹ ጎን ተመቻችተው ከድሃው እንደራቁ በግልጽ ተናገረ። ሐቁን መናገሩ ያስመሰግነዋል። ይሁን እንጂ የአገር አቀፍ ጣቢያ ሰው የየሕንፃውን ደረጃና በር ሊያውቅ አይችልም። የጎደለው በየወሩ ከነዋሪዎች ስብሰባ የሚቀመጥ፣ ስሙም ፊቱም የሚታወቅ የሰፈር ጋዜጠኛ ነው።

ነገሩ የለንደን ብቻ አይደለም። በዚያው ዓመት መጋቢት 2 ቀን አዲስ አበባ፣ ቆሼ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ብዙዎቻችን የነዋሪዎቹን ኑሮ የሰማነው ከመርዶአቸው ጋር ነው።

እንግዲህ ጋዜጠኛው ለቅሶ በሌለበት ቀንም ይምጣ። የጻፈውን ይዞ ይመለስና ስህተት ካለበት ከነዋሪው ሰምቶ ያርም። ሱረቱል ሁጁራት ወሬን እንድናጣራ ታዘናለች፤ ማጣራት ደግሞ ቢሮ ተቀምጦ ስልክ በመደወል ብቻ አይሆንም። ነዋሪውም አቤቱታውን ቀን አስፍሮ ይጻፍ፤ የተሰጠውን መልስ ያስቀምጥ፤ በእንግዳ ሁሉ ላይ በሩን አይዝጋ።

የግሬንፌል ነዋሪዎች ግን ጽፈው ነበር። ያጡት ሰሚ ነው። አላህ ለሟቾቹ ይዘንላቸው፤ እኛንም ጩኸትን በጊዜው ከሚሰሙት ያድርገን።