ሥልጠናና ቂርአት፦ ወጣቶችን በትምህርት ከጽንፈኝነት ስለ መጠበቅ

«ወጣቱን ከጽንፈኝነት የሚጠብቀው ትምህርት ነው» የሚለው አባባል በአገራችን በመንግሥት ጉባኤም በመስጊድ ሚንበርም ሲደጋገም ቆይቷል። የሚቃወመው ስለማይገኝ የሚመረምረውም ጥቂት ነው። ትምህርት ሲባል የቱ ትምህርት፣ በማን እጅ፣ በየትኛው ዕድሜ፣ ምን ያህል ጊዜ የሚሰጥ እንደ ሆነ ሳይጠየቅ ይታለፋል። በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን የምናነሣው ከጅግጅጋ በስተሰሜን ካሉት ከተሞች፣ በተለይም ከቱሊ ጉሌድ አንጻር ነው። ቱሊ ጉሌድን የመረጥነው የተለየ ጥፋት ስለ ታየባት አይደለም፤ እርሻና እርባታ ተጎራብተው የሚገኙባት፣ ልጆቿ በማለዳ ዱግሲ ቀርተው ከዚያ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት የሚሄዱባት፣ በዚህም ብዙዎቹን የፋፈን ዞን ወረዳዎች የምትመስል በመሆኗ ነው። በሐምሌ 2014 አሸባብ ድንበር ጥሶ ወደ አፍዴር ዞን በገባ ጊዜ ውጊያው ከዚህ እጅግ ሩቅ ነበር። ጥያቄው ግን በወላጆች ዘንድ ቅርብ ሆኖ ቆይቷል።

በቅድሚያ አንድ ምቹ ግምት መነሣት አለበት። ዕውቀት ያለው ሰው ወደ ጽንፍ አይሄድም የሚለው ግምት በማስረጃ አይጸናም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009 ሞቃዲሾ ውስጥ በሻሞ ሆቴል የበናድር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች ሲመረቁ አጥፍቶ ጠፊ ገብቶ ተመራቂዎችን፣ መምህራንን፣ የትምህርት፣ የከፍተኛ ትምህርትና የጤና ሚኒስትሮችን ገደለ። ይህን አይቶ «ጽንፈኛው የትምህርት ጠላት ነው» ማለት ይቀላል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2015 በጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ከ140 በላይ ሰዎችን ከፈጁት መካከል አንዱ ራሱ ከናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ በሕግ የተመረቀ ወጣት ነበር። ዲዬጎ ጋምቤታና ስቴፈን ሄርቶግ የተባሉ ሁለት ምሁራን ባሳተሙት ጥናትም፣ ከተማሩት ጽንፈኞች መካከል የምህንድስና ሰዎች ቁጥር ከሚጠበቀው በላይ ጎልቶ መገኘቱን አሳይተዋል። ለእኛ ይህ አዲስ ነገር ሊሆን አይገባም ነበር። በዲናችን ታሪክ የመጀመሪያዎቹ ጽንፈኞች ኸዋሪጆች ቁርኣን የማያውቁ ሰዎች አልነበሩም፤ ሌሊቱን በቂርአት የሚያነጉ፣ ግንባራቸው በሱጁድ የጠቆረ ነበሩ። ዐብዱላህ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ወደ እነርሱ ሄዶ ሲከራከራቸው ብዙዎች ተመልሰዋል፤ ያመጣላቸው ግን አዲስ አንቀጽ አልነበረም። የሚያውቁትን አንቀጽ ከሌላው አንቀጽና ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሥራ ጋር አገናዝቦ እንዴት እንደሚነበብ ነበር ያሳያቸው። የጎደላቸውም እሱ ነበር።

እንግዲህ በአገራችን «በማስተማር» ጽንፈኝነትን ለመግታት የተደረገውን ትልቁን ሙከራ በዚህ መስፈርት እንመዝነው። በ2003 ዓ.ም. ክረምት መንግሥትና የወቅቱ መጅሊስ ከሊባኖስ የመጡ የአል-አሕባሽ መምህራንን ጋብዘው ለኢማሞችና ለዳዒዎች ሰፊ ሥልጠና ጀመሩ። የታሪኩ ምፀት መነሻው የእኛው አካባቢ መሆኑ ነው። የቡድኑ መሥራች ሸይኽ ዐብዱላህ አል-ሀረሪ ሐረር ተወልደው፣ በዚሁ በምሥራቁ ምድር ከሸይኽ ወደ ሸይኽ እየተዘዋወሩ ቀርተው፣ ኋላ ቤይሩት የተቀመጡና እ.ኤ.አ. በ2008 እዚያው ያረፉ ዓሊም ናቸው። ዓመታት የፈጀ የሐልቃ ዕውቀት ከሐረር ወጥቶ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በቀናት የሚያልቅ ሥልጠና ሆኖ ተመለሰ።

ነቀፌታችን የአንድን ወገን ዐቂዳ ከሌላው ለማስበለጥ እንዳልሆነ አንባቢ እንዲረዳልን እንፈልጋለን። የአሽዐሪያ ዐቂዳና የሻፊዒይ ፊቅህ በዚህ አካባቢ እንግዳ አይደሉም፤ አባቶቻችን የቀሩት እሱን ነው። የሥልጠናው ጉድለት ሌላ ቦታ ነው። ተሳታፊው መምህሩን አልመረጠም፤ መምህሩም ደረሳውን አያውቅም። ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው የጠየቀው ለማወቅ ይሁን ለመቃወም አስቀድሞ ይጠረጠር ነበር። ከሁሉም በላይ ተክፊርን ይከላከላል የተባለው ትምህርት ራሱ ኢብኑ ተይሚያን እስከ ማክፈር በደረሰ ቡድን እጅ ተሰጠ። ሙስሊምን ማክፈር አደገኛ መሆኑን ለወጣት ለማስተማር የፈለገ ሰው የኢማም አል-ገዛሊን «ፈይሰሉ-ት-ተፍሪቃ» ቢያስቀራ በቂ ነበር፤ መጽሐፉ የተጻፈው ለዚሁ ጉዳይ ነው። ከዚያ የሆነው ይታወቃል። በአወሊያ ትምህርት ቤት የዐረብኛ መምህራን መባረራቸውን ተከትሎ በጥር 2004 ተቃውሞ ተነሣ፤ «ድምፃችን ይሰማ» የሚለው ጥሪ በየጁሙዓው ተሰማ፤ የሙስሊሙ መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት በዚያው ዓመት ታሰሩ፤ በ2007ም በፀረ ሽብር ሕጉ እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በኋላ ተፈትተዋል። ሆኖም ለአንድ ሙሉ ትውልድ «የሃይማኖት ሥልጠና» የሚለው ቃል ራሱ የጥርጣሬ ቃል ሆኖ ቀረ። ዛሬም አንድ ኢማም ጽንፈኝነትን ሲነቅፍ ወጣቱ በቅድሚያ የሚጠይቀው «ማን አዘዘው?» ብሎ ነው። ይህን ያህል መተማመን ያጠፋ ትምህርት ጽንፈኛውን ይበልጥ የጠቀመ ይመስለናል።

ከዚህ ይልቅ ብዙም ወዳልተወራለት ነገር እንመለስ። በሶማሌ ምድር ዱግሲ የጨረሰ ልጅ ወደ ኪታብ ሲሸጋገር ሔር ውስጥ ይገባል። ሔር ማለት ሸይኹን ተከትሎ የሚዞር፣ ሕዝቡ የሚያበላው የደረሶች ማኅበር ነው። ሰፊናን፣ ቀጥሎ አቡ ሹጃዕን ይቀራል፤ የጸና ወደ ኢማም ነወዊ «ሚንሃጁ-ጣሊቢን» ይደርሳል። ነወዊ (በ676 ሂጅራ ያረፉት) በመጽሐፋቸው መቅድም የሚያስቀምጧቸው ጥቂት ቃላት አሉ፤ ደረሳው እነርሱን ሳይይዝ አንድ ገጽ መራመድ አይችልም። «አል-አዝሀር» ሲሉ ከኢማም ሻፊዒይ ሁለት ንግግሮች የጎላው ይህ ነው፣ ሌላውም ግን ጠንካራ ነው ማለታቸው ነው፤ «አል-መሽሁር» ካሉ ሌላው ደካማ ነው። «አል-አሰሕ» ካሉ የመዝሀቡ ሊቃውንት ተለያይተዋል፣ ተቃራኒውም ሚዛን የሚደፋ ነው፤ «አስ-ሰሒሕ» ካሉ ተቃራኒው አይቆምም። «ቂለ» ካሉ ደካማ አስተያየት መጣ ማለት ነው፤ ደካማ ቢሆንም አልሰረዙትም፣ ጽፈውታል።

ይህ የቃላት ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ስለ ውዱእ፣ ስለ ሶላት፣ ስለ ሽያጭ፣ ስለ ኒካሕ በየገጹ «ይህ ይበልጣል፣ ያኛውም መሠረት አለው» እያለ ሦስት ዓመት ሲቀራ በአእምሮው ውስጥ የሚተከለውን ነገር እናስተውል። ወንድሙ በቁኑት ጉዳይ ከእርሱ ሲለይ «ተሳሳተ» ይል ይሆናል፤ «ከዲን ወጣ» ለማለት ግን ምላሱ አይታዘዘውም። ከዚያም አልፎ የሚንሃጅን ሁለት ታላላቅ ማብራሪያዎች፣ የኢብኑ ሐጀርን «ቱሕፋ» እና የረምሊን «ኒሃያ»፣ ጎን ለጎን ሲያይ ሁለቱ ሊቃውንት በአንዲት ዐረፍተ ነገር ላይ ሲለያዩ ያገኛቸዋል። ሁለቱም ኢማሞች ናቸው፤ ሁለቱም ይጠቀሳሉ። «መቻቻል» የሚባል ርዕስ ተሰጥቶት የተማረ አይደለም። ኺላፍን የተማረው ስለ ውሃ ዓይነቶች ሲቀራ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ፍትሐዊም ነው። የሐልቃው ባህል ከዓመፅ ነጻ አልነበረም። በመጋቢት 1892 ጅግጅጋ የነበረውን የኢትዮጵያ ጦር ሰፈር ያጠቃው የሰይድ ሙሐመድ ዐብዱላህ ሐሰን የደርቪሾች ሠራዊት የመሪውን ሥልጣን ያገኘው ከዚሁ የጠሪቃ ዓለም ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 በደቡብ ሶማሊያ የቃዲሪያን ታላቅ ሸይኽ፣ ሸይኽ ኡወይስ አል-ባራዊን፣ የገደሉት የሰይዱ ሰዎች ነበሩ፤ አላህን ያወሳ ሙስሊምን ሙስሊም ገደለው። ሰይዱ በሶማሌ ሕዝብ ልብ ያላቸው ቦታ ከባዕድ ገዥ ጋር ካደረጉት ተጋድሎ የተነሣ ትልቅ መሆኑን እናውቃለን፤ ይህን መዘገባችን ያንን ለመቀነስ አይደለም። ነገር ግን በዚያው ዓመት ገደማ የሆነው ነገር ለጉዳያችን ይጠቅማል። መካ ያሉት የሰይዱ ሸይኽ፣ የሷሊሒያው ሙሐመድ ሷሊሕ፣ ሥራቸውን የሚያወግዝ ደብዳቤ ላኩ፤ ደብዳቤው ሲሰማ ከተከታዮቹ መካከል ጥለው የሄዱ ነበሩ። ጦርነቱ አልቆመም። ሆኖም ከመሪው በላይ «ልክ አይደለህም» የሚል፣ ተከታዮቹም የሚሰሙት ሰው ነበረ። የኢጃዛ ሰንሰለት ማለት ይኸው ነው፤ ማንም ሰው የመጨረሻው ሰው አይደለም።

ዛሬ በቱሊ ጉሌድ የሚያድገው ልጅ ያጣው ይህንን ነው ብለን እናምናለን። ልጁ አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው በዱግሲ ሎሑን ጨርሶ ቁርኣኑን ያስመልሳል፤ ቤተሰቡ ይደሰታል፤ መዓሊኑም ይሸለማል። ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ሰው የለም። ወደ ኪታብ መሸጋገር ለጥቂቶች ቀርቷል። የመንግሥት ትምህርት ቤቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 መሠረት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ መሆን ስላለበት ስለ ዲኑ አያወራውም፤ ልክም ነው፣ ሌላ አንጠይቅም። ሥነ ዜጋ ስለ መብት ይነግረዋል፤ ሎሑ ላይ ስለ ጻፋት አንቀጽ ግን አይነግረውም። በልቡ የያዘው ቁርኣን አለ፤ ትርጉሙን የሚፈታለት የለም። በዚህ ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ ስምንት ባለው ዕድሜ ውስጥ ስልክ ይገዛል፤ በስልኩም አንድ አንቀጽ ጠቅሶ፣ አንድ ሐዲስ ጨምሮ፣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ማን ሙስሊም ማን ካፊር እንደ ሆነ የሚበይን ሰው ይመጣለታል። ያ ተናጋሪ ከማን እንደ ቀራ ልጁ አይጠይቅም፤ መጠየቅ እንዳለበት የነገረው የለምና። ቁርኣን ያልያዘ ልጅ ቢሆን ኖሮ አንቀጹ እንዲህ ባልነካው ነበር። ግማሽ ትምህርት ለጥሪው ይበልጥ የሚያጋልጥ መሆኑ ከዚህ ይመነጫል።

ጽንፈኝነት የዲን መልክ ብቻ አለው ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው። በሐምሌ መጨረሻ 2010 በጅግጅጋ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ፣ ካህናትና ንጹሓን ሲገደሉ ወደ አደባባይ የወጡት የክልሉን የያኔ አስተዳደር ይደግፉ የነበሩ፣ ሄጎ በሚል ስም የተሰባሰቡ ወጣቶች እንደ ነበሩ ተዘግቧል። ያሰማራቸው የፊቅህ መጽሐፍ አልነበረም፤ ፖለቲካና ዘር ነበር። ነገር ግን ከመካከላቸው ዱግሲ ያልቀራ ይኖራል ብለን አናስብም። የዒባዳ ቤቶችና የጎረቤት ደም ሐራም መሆኑ በየኪታቡ የሰፈረ ነው። ይህ ለዑለማው ወገን የሚመረው ጥያቄ ነው፤ በቅጡ ሲወያዩበት አልሰማንም።

ሐልቃው እንዳለ ይመለስ ማለት አይደለም። ዐረብኛውን ሳይረዳ ለዓመታት በቃል የሚሸመድድ፣ ሸይኹን መጠየቅ ነውር የሆነበት፣ አለንጋ የበዛበት ሐልቃም አይተናል፤ ከእርሱ የሚወጣው ታዛዥ ነው፣ ታዛዥ ደግሞ አዛዡን ብቻ ይቀያይራል። ከመዲናና ከካርቱም ተመርቀው የመጡ ወንድሞች በሐዲስ ዕውቀት የጨመሩልን ነገር አለ፤ ደረጃውን በማሳጠራቸው ግን «ማስረጃው ይህ ነው» የሚለው ቃል «ኺላፉ ይህ ነው» ከሚለው ቀድሞ ደረሰ። ሁለቱ በአንድ ሐልቃ መቀመጥ ይችላሉ፤ በጅግጅጋ መስጊዶች ውስጥ ጥቂት መምህራን እንዲህ ያደርጋሉ።

የሚያስፈልገው እንግዲህ ዱግሲ ለጨረሱ ልጆች፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ፣ በሶማልኛ የሚፈታ፣ ከሰፊና ጀምሮ ቢያንስ እስከ ሚንሃጅ መግቢያ የሚዘልቅ የአራት ወይም የአምስት ዓመት ቂርአት ነው። ሴት ልጆች በዱግሲ ደረጃ ከወንዶች እኩል እየቀሩ ከኪታቡ በር ላይ መቅረታቸው በዚሁ አብሮ መታየት አለበት፤ የነገ ልጆችን የመጀመሪያ ጥያቄ የሚሰሙት እነርሱ ናቸውና። ሔሩን ያበላ የነበረው ሕዝብ ከብቱ በድርቅ አልቆበት ወደ ከተማ ሲገባ ያ እንግዳ ተቀባይነት ሳስቷል። የዱግሲ መዓሊን ከወላጅ በየወሩ በልጅ ይከፈለዋል፤ የኪታብ መምህር ግን በተለመደው ሥርዓት ደመወዝ የለውም። በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው ጠቅላይ ምክር ቤትና የክልሉ መጅሊስ ለሥልጠና አዳራሽ፣ ለአበልና ለባነር የሚያወጡትን ወጪ ከአንድ ወረዳ ሁለት የኪታብ መምህራን የዓመት ደመወዝ ጋር አስተያይተው ቢያዩ፣ ልዩነቱ ራሳቸውንም የሚያስገርማቸው ይመስለናል። መምህሩን የሚመርጡት ግን የአካባቢው ሰዎችና ዑለማዎቹ መሆን አለባቸው፤ በ2003 የተደረገውን በሌላ ስም መድገም የማንም ፍላጎት ሊሆን አይችልም።