ከጫካው የተመለሰውና ያልተመለሱት

የጦርነት ፊልም ሲባል አብዛኛው ተመልካች የሚጠብቀው የተኩስ እሩምታና የፍንዳታ ጋጋታ ነው። ጀርመናዊው የፊልም አዘጋጅ ቨርነር ኸርዞግ እ.ኤ.አ. በ2006 ለዕይታ ያበቃው «ሬስኪው ዶውን» ግን ገና ከጅምሩ ጦርነቱን ወደ ኋላ ትቶ ረሃብን፣ ዝናብንና ትዕግሥትን ወደ መተረክ ይሻገራል። በዚህም ምክንያት ተመልካቾች ስለ ፊልሙ ያላቸው አስተያየት የተከፋፈለ ነው። ጦርነትና ምርኮ ከቤተሰብ ታሪካችን ያልራቀ በናይሮቢ የምንኖር አንባቢያንም ይህን ፊልም የምናይበት የራሳችን ዓይን ሊኖረን ይገባል።

ታሪኩ እውነተኛ ነው። ዲተር ዴንግለር እ.ኤ.አ. በ1938 በጀርመን አገር ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ገደማ የአሜሪካ ተዋጊ አውሮፕላን በመንደሩ ላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ያየው ሕፃን፣ ከፍርሃት ይልቅ የመብረር ፍቅር አደረበት። በ18 ዓመቱ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ውሎ አድሮ የባሕር ኃይል አብራሪ ሆነ። የካቲት ወር እ.ኤ.አ. 1966 በገባበት ዕለት ላኦስ ላይ አውሮፕላኑ ተመትቶ ወደቀና ተማረከ። ከሌሎች ስድስት እስረኞች ጋር ሆኖ በዚያው ዓመት ጁን ወር መጨረሻ ከካምፑ አመለጠ፤ 23 ቀናት በጫካ ተንከራትቶም አንድ አሜሪካዊ አብራሪ ከአየር ላይ አይቶት በሄሊኮፕተር ተነሣ። በዚያን ጊዜ ክብደቱ 44 ኪሎ ግራም ገደማ ደርሶ ነበር። አብሮት የሸሸው ድዌይን ማርቲን ግን በመንገድ ላይ በአንድ መንደርተኛ ቆንጨራ ተመትቶ ሞተ።

ፊልሙን ያዩ ሰዎች የሚሰጡት አስተያየት በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያዎቹ ፊልሙ ይንቀራፈፋል፣ እስረኞቹ ተቀምጠው ከመጠበቅ በቀር ምንም አያደርጉም ይላሉ። ሁለተኛዎቹ የዋናውን ተዋናይ የክርስቲያን ቤልን ብቃት ያደንቃሉ፤ ለዚህ ሚና ሲል ሰውነቱን እጅግ ማክሳቱንና በካሜራ ፊት ትል መብላቱን እያነሡ። ሦስተኛዎቹ ደግሞ መጨረሻውን ይነቅፋሉ፦ ዲተር በአውሮፕላን ተሸካሚው መርከብ ላይ በጭብጨባ ሲታጀብ ማየት ለአንድ አገር ባንዲራ የተሠራ ማስታወቂያ ይመስላል ይላሉ።

የመጀመሪያው ነቀፌታ የሚያሳምን አይደለም። ምርኮ በባሕርይው መጠበቅ ነው። ዕለቱ ከዕለቱ የማይለይበትን ኑሮ በሩጫ መተረክ እውነቱን መሸፈን ይሆናል። ፊልሙ እጅግ የሚጠነክረውም በዚሁ ዝግታው ውስጥ ነው። ጠባቂዎቹ ራሳቸው የተራቡ ናቸው፤ የእስረኞቹን ሕይወት ለማጥፋት የሚመክሩትም ምግብ አልቆ ወደ መንደራቸው ለመመለስ ስለ ፈለጉ ነው። ጠላትንና ምርኮኛን አንድ ረሃብ ሲያስተካክላቸው ማየት በብዙ የጦርነት ፊልሞች ውስጥ የማይገኝ ትዝብት ነው።

ሦስተኛው ነቀፌታ ግን ክብደት አለው። ኸርዞግ ይህንኑ ታሪክ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1997 «ሊትል ዲተር ኒድስ ቱ ፍላይ» በተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ሠርቶታል። በዚያ ሥራ ያረጀው ዲተር ራሱ ይናገራል። በቤቱ ወለል ሥር ሩዝ፣ ዱቄትና ማር አከማችቶ ይታያል፤ ነጻ ከወጣ ከ30 ዓመታት በኋላም ረሃቡ ከእርሱ እንዳልወጣ ያለ ብዙ ቃላት እንረዳለን። የቤቱን በር ደጋግሞ የሚከፍትበትና የሚዘጋበት ትዕይንት የዳይሬክተሩ ሐሳብ እንደ ነበረ ኸርዞግ ራሱ የተናገረ ቢሆንም፣ ምግቡ ግን የዲተር የራሱ ነበር። ዘጋቢው ፊልም ከምርኮ መውጣት የመከራ ፍጻሜ አለመሆኑን ሲነግረን፣ ልብ ወለድ አከል የሆነው ፊልም በእልልታ ያሰናብተናል። ሁለቱን ያነጻጸረ ተመልካች የቱ ከልቡ እንደሚቀር አያጠያይቀውም።

ከሁሉ የሚበልጠው ቅሬታ ግን የመጣው ከፊልም ሐያስያን አልነበረም፤ ከእስረኞቹ ወገን ነበር። ዩጂን ደብሩይን የተባለው እስረኛ በፊልሙ አእምሮው የተቃወሰ፣ ማምለጥን የሚቃወምና ራሱን ብቻ የሚያይ ሰው ተደርጎ ቀርቧል። ወንድሙና ከዚያ ካምፕ በሕይወት የተረፈው ታይላንዳዊው ፒሲዲ ኢንድራዳት ይህን በብርቱ ተቃውመዋል። እነርሱ እንደሚሉት ደብሩይን ለሌሎቹ እስረኞች እንግሊዝኛ ያስተምር የነበረ፣ ምግቡን የሚያካፍልና በማምለጫው ቀን የታመመ ጓደኛውን ላለመተው ወደ ኋላ የቀረ ሰው ነበር። ደብሩይን ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም፤ መጨረሻውም አልታወቀም። ራሱን ሊከላከል የማይችል ሰው ስም በፊልም ሲጎድፍ ጥፋቱ የጥበብ ነጻነት ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ለአንዱ ጀግንነት ማድመቂያ ሲባል የሌላው ደግነት መሠዋት አልነበረበትም። በበኩሌ የፊልሙ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው እላለሁ።

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ እኛ ይመጣል። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ወደ ኦጋዴን በገባ ጊዜ በኤፍ 5 አውሮፕላን የሶማሊያን ሚጎች በመጣል ስማቸው የገነነው ለገሠ ተፈራ፣ በዚያው ጦርነት አውሮፕላናቸው ተመትቶ ተማረኩ። ዲተር ዴንግለር በምርኮ የቆየው ለወራት ሲሆን፣ በኋላ ብርጋዴር ጄኔራል የሆኑት ለገሠ ግን በሶማሊያ እስር ቤት 11 ዓመታት ያህል አሳልፈዋል። የተለቀቁትም ሁለቱ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1988 ስምምነት ካደረጉ በኋላ ምርኮኞች በተለዋወጡ ጊዜ ነው። አብሯቸው በዚያ ምድር ታስሮ የነበረው ኩባዊው መኮንን ኦርላንዶ ካርዶሶ ቪያቪሴንሲዮ አገሩ ከገባ በኋላ ገጠመኙን በመጽሐፍ ጽፏል።

ሌላው ታሪክ ከዚህ ይከብዳል። ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ በደርግ ዘመን አንድ ጊዜ በሻዕቢያ ተማርከው የተፈቱ አብራሪ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በጁን 1998 አስመራ ላይ አውሮፕላናቸው ተመትቶ ለሁለተኛ ጊዜ ተማረኩ። እ.ኤ.አ. በ2002 ኤርትራ ይዛቸው የነበሩ የኢትዮጵያ ምርኮኞች ሲለቀቁ እርሳቸው ከመካከላቸው አልነበሩም። የደብሩይን ቤተሰብ የሚያውቀውን ዓይነት ጥበቃ የእኛም ወገኖች ያውቁታል ማለት ነው። ሞተ ተብሎ የማይለቀስለት፣ አለ ተብሎ የማይጠበቅ ሰው ሐዘን ወጉ አይደርስም።

በኬንያ ምድር የተፈጸመ ሌላ የምርኮኛ ታሪክም ማንሣት ይቻላል። በኢጣልያ ወረራ ዘመን በአዲስ አበባ የቅኝ አስተዳደር ሹም የነበረው ፌሊቼ ቤኑዚ በእንግሊዞች ተይዞ ናንዩኪ በሚገኘው የምርኮኞች ካምፕ ታስሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1943 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አምልጦ ኬንያ ተራራን ከወጣ በኋላ በፈቃዱ ወደ ካምፑ ተመለሰ። መጽሐፉ በብዙ አገር ተነበበለት፤ ፊልምም ተሠራለት። አገራችንን ሊገዛ የመጣው ሹም ምርኮው ይህን ያህል ሲተረክለት፣ የእኛዎቹ ምርኮኞች ታሪክ ግን በአብዛኛው በቡና ላይ ወግ ተወስኖ ቀርቷል።

አንድ ቀን የእኛም ባለሙያዎች ይህን ታሪክ በፊልም እንደሚሠሩት ተስፋ አለን። ያን ጊዜ ከኸርዞግ የሚማሩት መልካምም መጥፎም አለ። ትዕግሥቱን፣ ዝምታውንና ጠባቂውንም እንደ ሰው ማየቱን ቢወስዱ መልካም ነው። አንዱን ለማግነን ሌላውን ማሳነስን ግን ቢተዉት ይሻላል። በተለይ ስለ ኦጋዴን የሚሠራ ፊልም በናይሮቢ ኢስትሌይ ከጎረቤቱ ሶማሌ ጋር ሻይ የሚጠጣ ኢትዮጵያዊ ከዚያው ጎረቤቱ ጋር ተቀምጦ ሊያየው የሚችል መሆን አለበት። በዚያ ጦርነት የእነርሱም ልጆች በእኛ እጅ ተማርከው ነበርና።

ፊልሙ እስኪመጣ ድረስ ግን የሚቀድም ሥራ አለ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ የገቡ የቀድሞው ሠራዊት አባላት ዕድሜያቸው ገፍቷል። ያዩትን፣ አብሯቸው የታሰረውን፣ በመንገድ የቀረውን ሰው ስም በቴፕም ሆነ በወረቀት ማስቀረት የፊልም ገንዘብ አይጠይቅም። ይህ ካልተደረገ ነገ አንድ አዘጋጅ ተነሥቶ ያልተመለሱትን እንዳሻው ሲሥላቸው፣ «እርሱ እንዲህ አልነበረም» ብሎ የሚሟገትላቸው ሰው አይገኝም። ደብሩይን እንኳ ወንድምና አንድ ታማኝ የእስር ጓደኛ ነበረው።