ስለ ሠራተኞች መጠይቅ

ሬትሊስበርገርና ዲክሰን በ1939 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ እንደምናነበው፣ በቺካጎ አጠገብ በነበረው የሆውቶርን ፋብሪካ ጠያቂዎቹ በመጀመሪያ የተዘጋጀ ጥያቄ ይዘው ቀረቡ። ሠራተኛው ግን ስለ ሌላ ጉዳይ መናገር ወደደ። በ1929 ጥያቄውን ትተው እንደ ልቡ እንዲናገር ፈቀዱለት። ይህን እናደንቃለን።

ነቀፌታችን ከዚህ ቀጥሎ ነው። አንዱ ሠራተኛ በሠራው ልክ የሚከፈለው ሂሳብ አነሰኝ ቢል፣ ሚስቱ ታማ የሐኪም ወጪ አሳስቦት ኖሯል፤ ደራሲዎቹም አቤቱታውን ወደ ስሜት አዞሩት። የሚስቱ መታመም ግን ሂሳቡ አለማነሱን አያስረዳም። ለደመወዝ በቁጥር የሚመለስ አጭር ጥያቄ፣ ለአለቃ ጠባይ ክፍት ጥያቄ ይገባ ነበር እንላለን።

በአማርኛማ «በሥራዎ ደስ ይልዎታል?» የተባለ ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ይህንን ከ«አዎን» እንቍጠረው ወይስ ከ«አይደለም»?