መንገድ መሪው ሶፍትዌር በነፋስ ስልክ ላፍቶ፤ ምን ያውቃል? ምንስ ይጐድለዋል?

ነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ስሙን ካገኘባቸው ሰፈሮች አንዱ ነፋስ ስልክ ነው። «የነፋስ ስልክ» ማለት በቀድሞ አነጋገር ሽቦ ሳይዘረጋለት ቃልን በአየር የሚያስተላልፍ መሣሪያ፣ ይኸውም ዛሬ ሬዲዮ የምንለው ነው። እነሆ አሁን ደግሞ በየኪሳችን የያዝነው የእጅ ኮምፒዩተር፣ ማለት ዘመናዊው ስልክ፣ ከሰማይ የሚወርድ የሬዲዮ ምልክት እየተቀበለ ያለንበትን ቦታ ይነግረናል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው፣ ይህ መንገድ መሪ ሶፍትዌር በዚህ ክፍለ ከተማ ውስጥ ጥቅሙ ምን ያህል እንደ ሆነና ጉድለቱም ከወዴት እንደሚመጣ ነው።

አስቀድመን የሚገባውን ምስጋና እንስጥ። የጂ.ፒ.ኤስ. ሳተላይቶች ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይዞራሉ። እያንዳንዱም የአቶሚክ ሰዓት ተሸክሞ ሰዓቱንና ያለበትን ስፍራ ያለማቋረጥ ያስታውቃል። ስልኩ ምልክቱ በጉዞ የፈጀውን ጊዜ በብርሃን ፍጥነት አባዝቶ ርቀቱን ያገኛል። የአራት ሳተላይቶች ምልክት ሲደርሰው ኬክሮሱን፣ ኬንትሮሱን፣ ከፍታውንና የራሱን ሰዓት ስሕተት አስልቶ ያወጣል። የሰኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስሕተት 300 ሜትር ያህል እንደሚያሳስት ስናስብ ሥራው ምን ያህል የረቀቀ እንደ ሆነ እንረዳለን። ጂ.ፒ.ኤስ. በ1987 ዓ.ም. በሙሉ ኀይሉ ሥራ ጀመረ። አሜሪካኖች ለሲቪሉ ሕዝብ የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብለው ያዛቡት የነበረውንም በሚያዝያ 1992 ዓ.ም. አቆሙ። ዛሬ የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊሊዮና የቻይናው ቤይዱ ተጨምረውበታል። ስለዚህ በገላጣ ቦታ፣ ለምሳሌ ጀርመን አደባባይ ቆሞ ስልኩን የሚመለከት ሰው፣ ነጥቡን ከቆመበት ቦታ ጥቂት ሜትር ብቻ ፈቀቅ ብሎ ያገኘዋል።

ነጥቡ ከዚህ ይልቅ ርቆ ቢገኝ ወዲያው ሳተላይቱን መውቀስ አይገባም። በተለይ ለጥናት የሚወጡ ጓደኞቻችን ይህን እንዲያስተውሉ እንወዳለን። የቀድሞዎቹ ባለ 1፡50,000 ካርታዎቻችን የተሠሩት አዲንዳን በተባለው የልኬት መነሻ ሲሆን፣ ስልኩ ግን የሚያሰላው በሌላ ዓለም አቀፍ መነሻ ነው። የሁለቱን ቁጥሮች ሳያስማማ የሚቀላቅል ተማሪ ከመቶ ሜትር በላይ ይሳሳታል፤ ስሕተቱም የራሱ እንጂ የመሣሪያው አይደለም።

ነገር ግን ቦታን ማወቅና ቤትን ማወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህ ሶፍትዌር የታሰበው መንገዱ ሁሉ ስም ላለው፣ ቤቱም በመንገዱ ግራና ቀኝ በተራ ለተቈጠረ ከተማ ነው። የእኛ የቤት ቁጥር ግን በቀበሌ መዝገብ ሲሰጥ የኖረ እንጂ መንገድን ተከትሎ የሄደ አይደለም። በአድራሻችንም ክፍለ ከተማ፣ ወረዳና የቤት ቁጥር ይጻፋል እንጂ የመንገድ ስም ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ታዲያ ሶፍትዌሩ የማያውቀውን እንዴት ያሳየን?

ሁለተኛው ጉድለት የስም ነው። ሕዝቡ «ሳር ቤት» የሚለውን ስፍራ ካርታው «ፑሽኪን አደባባይ» ቢለው ሁለቱም እውነት ነው፤ ሆኖም መንገደኛው የሚጠይቀው በመጀመሪያው ስም ነው። ደግሞም አንዱ «ሐና ማርያም»፣ ሌላው «ሀና ማርያም»፣ ሦስተኛው «ሃና ማርያም» ብሎ ይጽፋል። ላንባቢ ሁሉም አንድ ነው፤ ፊደላችንን ላልተማረ ሶፍትዌር ግን ሦስት ልዩ ልዩ ስሞች ናቸው። በላቲን ፊደል ሲጻፍማ ውዥንብሩ ይብሳል።

ሦስተኛው የአቀማመጥ ነው። በጀሞ ኮንዶሚኒየም ነጥቡ ከግቢው ያደርሰናል፤ ነገር ግን ብሎኮቹ መልካቸው አንድ ነው፣ የጠፍጣፋ ካርታ ነጥብም አራተኛውን ፎቅ ከምድር ቤቱ አይለይም። በትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳርም በስልኩ ላይ ቅርብ መስሎ የሚታየው ቤት ከሸለቆው ማዶ ሊሆን ይችላል። መሻገሪያው የት እንደ ሆነ የሚያውቀው የሰፈሩ ልጅ ነው።

ከዚህ የተነሣ በስልክ የተጠራ የታክሲ ነጂ፣ የጠሪው ነጥብ በፊቱ እየታየው፣ መልሶ ይደውላል። «የት ጋ ነዎት?» ይላል። «ከታክሲ መያዣው ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት» ይባላል፤ ይደርሳልም። ለታክሲ ይህ የጥቂት ደቂቃ መዘግየት ነው። ምጥ የያዛትን ሴት ሊወስድ በሌሊት ለሚመጣ አምቡላንስ ግን፣ የሚጠየቅ ሰው በመንገድ በሌለበት ሰዓት፣ ያቺው ጥቂት ደቂቃ የነፍስ ዋጋ አላት። ነገሩ የምቾት ብቻ አይደለም የምንለው ስለዚህ ነው።

አንዳንዶች፣ «በወፍጮ ቤትና በቤተ ክርስቲያን መመራት ያለፈ ዘመን ልማድ ነው፤ መንገዶቹ ስም፣ ቤቶቹም ተራ ቁጥር ቢሰጣቸው ነገሩ ያበቃል» ይሉ ይሆናል። ሐሳባቸው መልካም ነው፣ ሥራውም ሊሠራ ይገባዋል። ነገር ግን በብረት ላይ የተጻፈ ስም ሕዝቡ ካልጠራው መንገድ አያሳይም። የሣር ክዳን የሌለበት ሳር ቤት እስከ ዛሬ ሳር ቤት መባሉ፣ ስም ከሕንፃ ይልቅ እንደሚሰነብት ያስረዳል። ስለዚህ አዲሱ ቁጥር ይምጣ፤ ነባሩም ስም አብሮት ይጻፍ እንላለን።

ይህንንስ ማን ይጽፈዋል? ርቆ የሚኖር ካርታ ሠሪ በሰማይ ፎቶግራፍ ጣራውን ያያል እንጂ ስሙን አይሰማም። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» እንዲባል ሥራው የእኛ ነው። ኦፕን ስትሪት ማፕ የተባለው፣ በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው የጋራ ካርታ፣ ማንም ሰው ያየውን መንገድና ስም እንዲያስገባበት ክፍት ነው። ተማሪ ስልኩን ይዞ ከላፍቶ እስከ ጐፋ በእግሩ ቢሄድ፣ አቋራጩንና መሻገሪያውን ቢመዘግብ፣ ሽማግሌዎችን እየጠየቀ ስሙን በግዕዝ ፊደል፣ ልዩ ልዩ አጻጻፉንም ጨምሮ ቢያሰፍር፣ ለጐረቤቱ የሚጠቅም ሥራ ሠራ ማለት ነው።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። መንገድ መሪው ሶፍትዌር ከሰማይ የሚቀበለውን በሚገባ ያውቃል፤ ከምድር የሚያውቀው ግን የነገርነውን ያህል ብቻ ነው። ሳንነግረው ቀርተን ብንወቅሰው፣ ወቀሳው ተመልሶ የሚደርሰው ለራሳችን ነው።