«የሥርዓት ጥሪ» ስለሚለው ስያሜ

በኮምፒዩተር ሙያ አንድ ፕሮግራም ፋይል ለመክፈትም ሆነ ለማንበብ በራሱ ሥልጣን የለውም። ቁጥርና ዝርዝር ይዞ የሥርዓተ ክወናው እምብርት ወደ ሆነው ወደ ከርነል ይቀርባል፤ ከርነሉም መርምሮ ይፈጽማል ወይም ይመልሰዋል። በሊኑክስ፣ በ64 ቢቱ የኢንቴል ማሽን ላይ፣ ማንበብ 0፣ መጻፍ 1፣ መክፈት 2 ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። የዚህ አቀራረብ ስም ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል ሲመለስ «የሥርዓት ጥሪ» ይሆናል። በእኛ አስተያየት ይህ ስያሜ በሁለት በኩል ጉድለት አለበት።

አንደኛ፣ በአማርኛ የሚጠራ ሰው የተጠራውን ወደ ራሱ ያመጣል። የሰርግ ጥሪ እንግዳውን ወደ ሰርጉ ቤት ይስባል፤ «ቡራዩ! ቡራዩ!» እያለ የሚጣራው የታክሲ ረዳትም መንገደኛውን ወደ ታክሲው ያቀርባል። እዚህ ግን ከርነሉ ከቦታው አይነሣም፤ ሄዶ ደጅ የሚጠናው ፕሮግራሙ ነው። ሁለተኛ፣ በስብሰባ ላይ «የሥነ ሥርዓት ጥያቄ» ሲባል የለመደ ጆሮ «የሥርዓት ጥሪ»ን ሲሰማ ጸጥታ አስከብሩ የተባለ ይመስለዋል።

«ስሙ ምን ቢሆን ምን ይጎዳል?» የሚል አይጠፋም። መልሱን የምናገኘው ከራሱ ከሙያው ነው። ለከርነል አዲስ አገልግሎት መጨመር የሚያስቸግረው ኮዱን መጻፉ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ለሕዝብ ከወጣ በኋላ መመለስ አለመቻሉ ነው። የቀድሞው «ኦፕን» የማያውቀው ምልክት ሲቀርብለት ዝም ብሎ ያልፈው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የተጨመረው «ኦፕንአት»ም ይህንኑ ጠባይ ወረሰ። በዚህ ምክንያት ለባዶው ምልክት በኋላ ትርጉም መስጠት አስጊ ሆነ፤ ምልክቱን በስሕተት ያስገቡ አሮጌ ፕሮግራሞች ያልፈለጉት ነገር ይደርስባቸዋልና። ጉዳዩ በማመልከቻ ቅጽ ላይ ባዶ የተተወ ዓምድ ውስጥ የተጫረ ነገር ዓመታት ቆይቶ እንደ ውል ቃል እንደ መቆጠር ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው «ኦፕንአት2» የማያውቀውን ምልክት አልቀበልም ይላል። ቢሆንም አሮጌዎቹ አልተሰረዙም፤ በእነርሱ የሚተዳደሩ ፕሮግራሞች አሉና።

በ64 ቢቱ የአርም ማሽን ላይ ደግሞ «ኦፕን» በከርነሉ ዘንድ ከቶ የለም። ሆኖም ፕሮግራም ጸሐፊው አሁንም «ኦፕን» ብሎ ይጽፋል፤ በመካከል ያለው ላይብረሪ ወደ «ኦፕንአት» ይለውጥለታል። ነገሩ ከሥር ሲለወጥ ስሙ ከላይ ይኖራል ማለት ነው። የዚህን አምሳያ በአዲስ አበባ ዙሪያ አይተናል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለሉ። ለየራሳቸው ከተማ መሆናቸው ቀረ፤ ስማቸው ግን በክፍለ ከተማነት ቀጠለ። ከዚያ በፊት በተጻፈ ሰነድ ላይ «ሰበታ ከተማ» የሚለውን ማንም ሊፍቀው አይችልም፤ የሚያነበው ሰው ሁሉ ሊረዳው ይገባል።

የሙያ ቃልም እንዲሁ ነው። በአብዮቱ ዘመን የተስፋፋው «ወዛደር» ሥርዓቱ ሲያልፍ ከታተሙት መጻሕፍት አልወጣም። ዛሬ ለተማሪ የምንሰጠውን ስያሜ ነገ ብናርመው፣ አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ሸክሙን የሚሸከመው ተማሪው ነው።

ስለዚህ «የከርነል መጠየቂያ» የሚለውን ለውይይት እናቀርባለን። ማን ማንን እንደሚጠይቅ በግልጽ ያሳያል፤ ለፕሮግራሙ «ጠያቂ»፣ ለቁጥሩ «የመጠየቂያ ቁጥር» ለማለት ያመቻል። እንከን የለበትም አንልም፤ ለከርነሉ የሚቀረው «ተጠያቂ» በሕግ ቋንቋ ኃላፊነትን ያመለክታል። ይሁንና ከርነሉ ለቀረበለት ሁሉ መልስ መስጠት ስላለበት ትርጉሙ ከጉዳዩ ብዙ አይርቅም። መምህራን ይህን ቃል በክፍል ውስጥ እንዲሞክሩትና የታያቸውን እንዲጽፉልን እንጠይቃለን። ማረም የሚቀለው መዝገበ ቃላት ከመግባቱ በፊት ነው።