ከኮርኒስ በላይ ለሚዘረጋ ሐዲድ፦ ጥሩ ፕላን በምን ይታወቃል?

የሞዴል ባቡር ፕላን ሲቀርብልኝ ከሐዲዱ በፊት የምፈልገው ሰውዬውን ነው። የት ይቆማል? በየት በኩል ይገባል? ጭንቅላቱን ከወራጅ ጋር ሳያጋጭ እጁ እስከ የትኛው ጥግ ይደርሳል? ወረቀቱ ከዳር እስከ ዳር በመስመር ተሞልቶ ለባለቤቱ አንዲት ቀጭን መተላለፊያ ብቻ ከተረፈችለት፣ የቱንም ያህል ቢያምር ያ ፕላን የተነደፈው ለባቡሮቹ ነው። ባቡሮች ደግሞ ከሐዲድ ሲወጡ ራሳቸውን አያነሱም።

ይህ መዝናኛ በእንግሊዝ አገር ሥር የሰደደ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚሸሸገው ጣሪያ ሥር ነው። ቤቶቹ ጠባብ፣ ክፍሎቹ የተያዙ ናቸው። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ቦታ ግን ከአሮጌ ሻንጣና ከገና ዛፍ ማስጌጫ በቀር ጠያቂ የለውም። እዚያ አገር በብዛት የሚሠራበት ስኬል ዳብል ኦ ይባላል፤ የእውነተኛው 1 ጫማ በሞዴሉ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ማለትም 1 ለ76.2። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሒሳብ የሚያጠብቁ ሰዎች እዚህ ላይ ይቆጣሉ፤ እውነተኛው 1,435 ሚሊ ሜትር በዚሁ ስኬል 18.83 መምጣት ነበረበትና። ስለዚህም በ18.2 ወይም በትክክለኛው 18.83 የሚሠሩ አሉ። ፕላን የሚዳኝ ሰው ግን በዚህ ጠብ ውስጥ ባይገባ ይሻለዋል። በትክክለኛው ስፋት ተሠርቶ የማያጫውት ፕላን ሞልቷል።

የጣሪያ ሥር ክፍል አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ በወለሉ ስፋት ያታልላል። ቤቱ ከፊት እስከ ኋላ 7 ሜትር ነው፣ ጣሪያውም በ40 ዲግሪ ያዘነብላል እንበል። ወለሉን በሜትሮ የለካ ሰው 7 ሜትር ብሎ ይጽፋል። ነገር ግን ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 የሆነ ሰው ቀጥ ብሎ የሚሄድበት ቦታ መሃል ላይ ያለው 2 ሜትር ከ70 ብቻ ነው፤ የቀረውን ተዳፋቱ ከግራና ከቀኝ ወስዶታል። አሁን ጠረጴዛውን እናስገባ። ከፍታው 1 ሜትር ከ10 ቢሆንና ከበላዩ ለሕንፃዎችና ለጀርባው ሥዕል 40 ሳንቲ ሜትር ብንተው፣ የኋላ ጠርዙ ጣሪያው ወለሉን ከሚነካበት ቦታ 1 ሜትር ከ80 ያህል ወደ ውስጥ መግባት ይኖርበታል። ጠረጴዛውን ወደ 70 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ካደረግነው ግን 1 ሜትር ከ30 ይበቃዋል። በየጎኑ ግማሽ ሜትር፣ በሁለቱም ጎን ሲደመር አንድ ሜትር ተገኘ ማለት ነው። በምላሹ ባለቤቱ ቆሞ መሥራቱን ትቶ ባለጎማ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሁለቱም ምርጫ ያስኬዳል። የማያስኬደው ምርጫው ሳይደረግ መቅረቱ ነው። ስለዚህ ከላይ ወደ ታች ከታየው ሥዕል ጋር ሴክሽኑንም፣ ማለትም ክፍሉ ተቆርጦ ከጎን የታየበትን ሥዕል፣ ይጠይቁ። ለጣሪያ ሥር የተሠራ ፕላን ሴክሽን ከሌለው ሠሪው ክፍሉን በሐሳቡ ሳሎን አድርጎታል።

የእጅ መድረስም እዚህ ይቀንሳል። ሜዳ ክፍል ውስጥ ጎንበስ ብሎ 75 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ሰው፣ ጣሪያው ወደ ግንባሩ ሲመጣበት 60ም ይበዛበታል።

ስለ እንጨቱ ብዙ አልልም፤ ግን አይታለፍም። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠሩ የብዙ እንግሊዝ ቤቶች ጣሪያ በፋብሪካ ተገጣጥሞ በመጣ የእንጨት ማዕቀፍ የተያዘ ነው፤ ከመሃሉ አንዱን አግዳሚ መቁረጥ ጣሪያውን ማፍረስ መጀመር ነው። ጥሩ ፕላን እያንዳንዱን እንጨት በቦታው አሳይቶ ሐዲዱን በመካከላቸው ያሾልካል። ኮርኒሱን የተሸከሙት እንጨቶችም ሰውና ጠረጴዛ እንዲሸከሙ ታስበው ላይሆን ይችላል፤ ባለሙያ አይቷቸዋል ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። መሰላሉ የሚወጣበትን ቀዳዳም ይመልከቱ። ሐዲድ በላዩ የሚያልፍ ከሆነ ባለቤቱ ለሻይ በወረደ ቁጥር ድልድይ ሊያነሳ ነው። ሙቀቱም ፕላኑ ላይ መታየት አለበት። ያልተሸፈነ ጣሪያ በክረምት ይበርዳል፣ በበጋ ይግላል፤ የሙቀቱ ልዩነት 40 ዲግሪ ሲደርስ 5 ሜትር ርዝመት ያለው የኒኬል ሲልቨር ሐዲድ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። መርዘሚያ ክፍተት ካልተተወለት ኩርባው ላይ ወደ ጎን ተገፍቶ ይወጣል። የጣሪያው ሽፋን ከሐዲዱ በፊት መምጣት አለበት የምለው ለዚህ ነው።

አሁን እርሳስ የሚዋሽበት ቦታ ላይ እንድረስ፤ እሱም መቀየሪያው ነው። ባቡርን ከአንድ መስመር ወደ ሌላው የሚያሻግረው ይህ ቁራጭ ሐዲድ በእጅ ሲሣል ሁልጊዜ ያጥራል፤ እጅ ቶሎ መታጠፍ ይወዳል። ፔኮ የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ ከሚሠራቸው የስትሪምላይን መቀየሪያዎች ትንሹ 185፣ መካከለኛው 219፣ ትልቁ 258 ሚሊ ሜትር ርዝመት አላቸው፤ የሦስቱም መገንጠያ ማዕዘን 12 ዲግሪ ነው። አንድ ሰው ጎን ለጎን የተሰለፉ አምስት መስመሮች ነድፎ መግቢያቸውን በግማሽ ሜትር ጨርሶታል እንበል። መስመሮቹ መሃል ለመሃል በ50 ሚሊ ሜትር ቢራራቁ፣ በ12 ዲግሪ እየተገነጠሉ አምስተኛው ጋ ለመድረስ 95 ሳንቲ ሜትር ያህል ይፈልጋሉ። አንድም ፉርጎ ሳይቆም 1 ሜትር ሊሞላ ነው። ስለዚህ ማስመሪያ አወጣና አንድ መቀየሪያ ብቻ እለካለሁ። እሱ ልክ ከሆነ ሠሪው ከሐዲዱ ጋር ይተዋወቃል። ካጠረ ግን በዚያ ወረቀት ላይ ያለው የመስመር ብዛት ሁሉ ምኞት ነው።

መቀየሪያዎቹ የተቀመጡበት ቅደም ተከተልም ዓይን ይፈልጋል። ባቡሩ ቀኝ ታጥፎ ወዲያው ግራ የሚታጠፍ ከሆነ ረጃጅም ፉርጎዎች ጫፍና ጫፋቸው በተቃራኒ አቅጣጫ ይወረወራል፤ ማያያዣው ይጎተታል፣ አንዱ ሌላውን ከሐዲድ ያወጣዋል። ሬይልዌይ ሞዴለር የተባለው መጽሔት አዘጋጅ የነበረው ሲሪል ፍሪዘር በ1957 እ.ኤ.አ. ማይኖሪስ ብሎ ያወጣው ትንሽ የከተማ ጣቢያ ፕላን እስከ ዛሬ የሚቀዳው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስት የመሳፈሪያ መስመሮች ብቻ አሉት። መቀየሪያዎቹ ግን እንዲህ ያለው ድርብ እጥፋት በአብዛኞቹ መንገዶች ላይ እንዳይመጣ ተደርገው ተሰድረዋል። ፕላን ማንበብ መማር የሚፈልግ ሰው ማይኖሪስን ፊቱ ዘርግቶ እያንዳንዱን መንገድ በጣቱ ይከተል፤ ከብዙ ምክር ይበልጥበታል።

ስስትን ለመለየት ስለ ኩርባና ስለ ዳገት መጠየቅ ይበቃል። በካርቶን ተሽጎ የሚመጣው የሆርንቢ ሐዲድ ሁለተኛው ኩርባ ራዲየሱ 438 ሚሊ ሜትር ነው። የእንግሊዝ ምድር ባቡር ማርክ 1 የተባለው የመንገደኛ ፉርጎ በሞዴል 258 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ በዚያ ኩርባ ላይ ያልፋል፣ ግን ሆዱ ወደ ውስጥ ጫፎቹ ወደ ውጭ ወጥተው ሲታይ ያስቀይማል። ለዓይን የሚታየው ኩርባ ከ610 ሚሊ ሜትር ባያንስ እመርጣለሁ። ጠባቡ ኩርባ ዋሻ ውስጥ ቢደበቅ ቅር አይለኝም፤ እጅ የሚገባበት በር ይኑረው እንጂ። መስመር በመስመር ላይ እንዲያልፍ የፈለገ ሰው ደግሞ 75 ሚሊ ሜትር ያህል መውጣት አለበት፤ በ1 ለ40 ዳገት ይህ 3 ሜትር መንገድ ነው፣ መውረጃውም ሌላ 3 ሜትር። መሻገሪያው አጠገብ የከፍታ ቁጥር ካላዩ ሠሪው ዳገቱን አላሰላውም። ሁለት ጣቢያ፣ ወደብ፣ ማዕድን ማውጫና ክብ መስመር በአንድ ጣሪያ ሥር የጠቀጠቀው ሰው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለላት ነው የሚሆነው፤ አንዱንም በቅጡ አያገኘውም። ዘፋኙ ሮድ ስቱዋርት በሎስ አንጀለስ ቤቱ ጣሪያ ሥር ከ20 ዓመት በላይ ሲሠራበት ቆይቶ በ2019 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ያሳየው ከተማ 38 ሜትር ያህል ይረዝም ነበር። እሱ ይህን ጽሑፍ ባያነብም ቅር አይለኝም።

ከተደበቀው ክፍል ብዙ ይታወቃል። ባቡር ከሚታየው ጣቢያ ወጥቶ የሚሄድበት ቦታ፣ ማለትም ከጀርባው ሥዕል ኋላ ባቡሮች ተሰልፈው ተራ የሚጠብቁበት ስፍራ ያስፈልገዋል። ጀማሪ ፕላን ለዚህ የተረፈውን ፍርፋሪ ይሰጣል፤ የሠለጠነ ሰው መጀመሪያ እሱን ይነድፋል። ረጅሙን ባቡር ሙሉ በሙሉ ይይዛል? አራት የማርክ 1 ፉርጎና አንድ ሎኮሞቲቭ 1 ሜትር ከ30 ያህል ናቸው። እንዲህ ያሉ ስድስት ባቡሮች ካሉ የት ይቆማሉ? ከዚያም፣ ማን ያንቀሳቅሳቸዋል? የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ የነበሩት ፒተር ዴኒ ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምረው የሠሩት በኪንግሃም የተባለው መስመር በመርሐ ግብር የሚሄድ ነበር፤ አንዱን ጫፍ የሚያንቀሳቅሰው ልጃቸው ክሪስፒን ነው። ልጁ ሁልጊዜ እንደማይኖር ሲያውቁ በእሱ ቦታ የሚሠራ ማሽን ገጣጥመው በስሙ ጠሩት። አባ ዴኒ ፕላናቸው ስንት ሰው እንደሚፈልግ ያውቁ ነበር። ማታ ማታ ብቻውን የሚወጣ ሰው ለአራት ሰው የሚበቃ ጣቢያ ሲነድፍ ሳይ፣ ሦስቱ ከየት ይመጣሉ እለዋለሁ።

የእኛን የጅቡቲ–አዲስ አበባ መስመር በሞዴል ለመሥራት የሚያስብ ሰው ካለ፣ ለጣሪያ ሥር የሚመች ነገር ነው የያዘው። አሮጌው መስመር ነጠላ ሐዲድ ነበር፤ ስፋቱ 1 ሜትር። በ1 ለ87 ስኬል ይህ 11.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ለስዊዘርላንድ የተራራ ባቡሮች ተብሎ የሚሸጠው 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ያለ ብዙ ጭቅጭቅ ይስማማዋል። 784 ኪሎ ሜትሩ ሁሉ ቢሠራ 9 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን መምረጥ ግድ ነው። በአንድ በኩል ጅቡቲ፣ በሌላው በኩል አዲስ አበባ የሚሉ ሁለት የተደበቁ መቆሚያዎች፣ መሃል ላይ ባቡሮች የሚተላለፉበት አንድ ጣቢያ ይበቃል። የድሬዳዋን የጥገና ፋብሪካና የአዋሽን ድልድይ አንድ ላይ ያስገባ ፕላን ቢመጣብኝ አንዱን እሰርዛለሁ። የምሰርዘው ፋብሪካውን ይመስለኛል፤ የድሬዳዋ ልጆች ይቅር ይበሉኝ። ባቡሮች የሚተላለፉበት ተጨማሪ መስመር ግን ከረጅሙ ባቡር በአንድ ፉርጎ እንኳ ቢያጥር ጣቢያው ሥራውን አይሠራም።

ፕላኑ ወረቀት ላይ ካለፈ፣ በትክክለኛው መጠን የተቆረጡ የመቀየሪያ ወረቀቶች እውነተኛው ቦታ ላይ ተዘርግተው ፉርጎዎች ይደርደሩባቸው። አንድ ቅዳሜ ይፈጃል፤ ብዙ ኮምፔንሳቶ ከመቆረጥ ያድናል።

የመጨረሻው ጥያቄዬ ስለ ደረጃ ነው። ጠረጴዛው ሁሉ ሳያልቅ የሚሄድ ባቡር አለ? ክፍሉን በሙሉ ካልዞረ አንድ ሎኮሞቲቭ የማያንቀሳቅስ ፕላን ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ክረምት ተትቶ ይቀራል። አለን ራይት የነደፈው ኢንግልኑክ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ሦስት አጫጭር መስመሮች አሉት፤ አንዱ 5 ፉርጎ፣ ሁለቱ ሦስት ሦስት ይይዛሉ። ሎኮሞቲቩ ፉርጎዎቹን የሚጎትትበት መስመር እሱንና 3 ፉርጎ ብቻ የሚያስገባ ነው። ከ8 ፉርጎዎች 5ቱን በዕጣ በወጣው ተራ መደርደር ነው ሥራው፤ ሊወጡ የሚችሉት ተራዎች 6,720 ናቸው። በአንድ ሜትር ተኩል ጠረጴዛ ላይ ይህን ያህል ሥራ አለ። የትልቁ ፕላን የዕቃ መጫኛ ግቢ በዚህ መልክ ተነድፎ በመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ፣ ባለቤቱ የቀረውን እስኪሠራ ድረስ የሚጫወትበት አለው። መጎተቻው መስመር ብቻ ለአራተኛ ፉርጎ እንዳይረዝም፤ ጨዋታው ያለው እዚያ ጥበት ላይ ነው።